የካፕሱል ቡና ማሽን በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከስፒናው እስከ ስኒው

ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የካፕሱል ቡና ማሽን «አልሠራ አለ» ተብሎ ብፌ ላይ ጌጥ ሆኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም። ወይ ቮልቴጁ ሳይታይ ተሰክቷል፣ ወይ ፓምፑ አየር ይዟል፣ ወይ ለጀበና የተወቀጠ ቡና ካፕሱሉ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶታል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ስለዚህ ደረጃ 6 ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። ከዚያ በፊት ያሉትን ግን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«የካፕሱል ማሽን» ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ካፕሱል አይቀበልም።

- ኔስፕሬሶ ኦሪጅናል፦ ካፕሱሉ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል፣ ከንፈሩ 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከ5 እስከ 6 ግራም ቡና ይይዛል።
- ኔስፕሬሶ ቨርቱዎ፦ በካፕሱሉ ከንፈር ዙሪያ ባርኮድ ታትሟል። ማሽኑ ባርኮዱን አንብቦ ካፕሱሉን በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ባርኮድ ካላገኘ አይነሳም። በአገር ቡና ለመሙላት ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው።
- ኪዩሪግ፦ ካፕሱሉ በፎይል የታሸገ የፕላስቲክ ኩባያ ሲሆን ውስጡ የወረቀት ማጣሪያ አለው። ማሽኑ ከላይና ከታች በመርፌ ይበሳዋል።
- ዶልቼ ጉስቶ፦ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ካፕሱል ነው።

«ካፕሱል ልላክ?» ብሎ የሚደውል ዘመድ ካለዎት ከማሽኑ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩለት። «የቡና ካፕሱል» ብቻ ካሉት የማይገጥም ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ከመሰካትዎ በፊት የኤሌክትሪኩን ነገር ይጨርሱ

ማሽኑን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ሦስት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ቮልት፣ ኸርዝ፣ ዋት።

1. 220–240 ቮልት ካለ በቀጥታ ይሰካል። የሚያስፈልገው የስፒና አስማሚ ብቻ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስፒና ነውና ኧርዝ ያለው ጠንካራ አስማሚ ይግዙ። የላላ አስማሚ ይግላል፣ ይቀልጣልም።
2. 120 ቮልት ካለ በፍጹም በቀጥታ አይሰኩ። ማሞቂያው ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስቦ በቅጽበት ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ማሽኑ 1,500 ዋት ከሆነ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 2,000 ዋት ይሁን፤ የተጻፈበት ዋት የማያስተማምን ከሆነ 3,000 ይውሰዱ።
3. ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠውን ቀለል ያለ የመንገደኛ መቀየሪያ አይጠቀሙ። ዋቱ በቂ ቢመስልም የማሽኑን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።
4. 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ማሽን በእኛ 50 ኸርዝ ማሞቂያው አይቸገርም። ፓምፑ ግን ዝግ ሊል፣ ድምፁም ወፈር ሊል ይችላል። ይህን እንደ ብልሽት አይቁጠሩት።
5. ማሽኑን ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ። 1,500 ዋት ማሽን ብቻውን ወደ 7 አምፒር ይስባል። ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ማሽኑም መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ አልሞቅ ይላል። እንጀራው ወጥቶ ሲያልቅ ቡናውን ያፍሉ።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ስታብላይዘር ጥሩ ነው፤ ግን ለቴሌቪዥን የተገዛችው ትንሿ አትችለውም፤ ዋቷን ይመልከቱ። ማሽኑን ተሰክቶ አይተዉት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ስለማይረጋጋ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሰኩ።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ያዘጋጁ

ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የሚቀዳ ውሃ ደለል ሊኖረው ይችላል። ሳይንቀሳቀስ ያድር፣ ከላይ ቀስ ብለው ይቅዱ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። የማሽኑ የውሃ መግቢያ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች።

ውሃው ጨዋማ መሆኑን ለማወቅ የቤትዎን የውሃ ማፍያ ታች ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽኑም ውስጥ ያንኑ ይይዛል። ቢቻል የታሸገ ወይም የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። አምቦ ውሃ ግን አይሞክሩ፤ ጋዙ ፓምፑን አየር ያስይዘዋል። ታንኩ ውስጥ የፈላ ውሃም፣ ወተትም አይገባም።

ደረጃ 4፦ ፓምፑ ውሃ እንዲይዝ ያድርጉ

አዲስ የመጣ ወይም ለወራት የተቀመጠ ማሽን ውስጡ ደረቅ ነው። በዚህ ደረጃ የሚወድቀው ብዙ ነው፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ውሃ የለም፣ ሰው «ፓምፑ ሄዷል» ይላል።

1. ታንኩን አውጥተው ይጠቡ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ።
2. ታንኩን ሲመልሱ ወደ ታች ጫን ያድርጉት። ከሥሩ ያለችው ቫልቭ ካልተጫነች ውሃ አይወርድም።
3. ካፕሱል ሳያስገቡ እጀታውን ይዝጉ፣ ትልቅ ኩባያ ከሥሩ ያድርጉ።
4. ማሽኑን ያብሩ። መብራቱ መብለጭለጭ አቁሞ እስኪረጋ ይጠብቁ።
5. የትልቁን ስኒ አዝራር ይጫኑ። መጀመሪያ የደረቀ ጩኸት፣ ቀጥሎ የሚንተፋተፍ ውሃ፣ ከዚያ የተስተካከለ ፈሳሽ መምጣት አለበት።
6. ቢያንስ አንድ ሙሉ ታንክ ውሃ በባዶው አሳልፈው ይድፉት።

*ውሃ ካልመጣ፦* ፓምፑን ደረቁን ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስጩሁት፤ ውሃ ነው የሚያቀዘቅዘው። አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ታንኩን አንስተው እሱ የሚቀመጥበትን የውሃ መግቢያ ቀዳዳ ያግኙ፣ የስሪንጁን አፍ ገጥመው ውሃውን ቀስ አድርገው ይግፉ። ፓምፑ አካባቢ ያለውን ኤሌክትሪክ ነክ ክፍል እንዳያረጥቡ ይጠንቀቁ። የፈሰሰውን ያድርቁ፣ ታንኩን ይመልሱ፣ ሰክተው እንደገና ይሞክሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ሊኖርብዎ ይችላል። ጩኸቱ ከሹል ወደ ወፍራም ሲለወጥ ውሃው ይዟል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ከፍታውን ያስቡበት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ልዩነት እንደ ማሽኑ ዓይነት የተለያየ ችግር ያመጣል።

*ኔስፕሬሶ ኦሪጅናልና ዶልቼ ጉስቶ፦* ውሃው በፓምፕ ግፊት ሥር ስለሚሞቅ ውስጡ በቀላሉ አይፈላም። ሲወጣ ግን በእንፋሎት ሙቀት ይጥላል፤ የደሴ ጠዋት ብርድ ደግሞ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ባዶውን አንዴ አፍልተው በወጣው ውሃ ስኒውን ያሙቁ። ቀጭን የሲኒ ስኒ ከቡናው የሚወስደው ሙቀት ከወፍራም ኩባያ ያነሰ ነው፤ ለ40 ሚሊ ሊትር ቡና ትልቅ መግ ማቅረብ ቡናውን ማቀዝቀዝ ነው።

*ኪዩሪግ፦* ውሃውን እስከ 89 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ይህ ደሴ ላይ ከመፍያው ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚያንሰው፤ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ውሃ አስቀድሞ ይፈላል። ምልክቱ መንደቅደቅ፣ እንፋሎት መትፋት፣ ግማሽ ስኒ ብቻ መስጠትና ራሱን ማጥፋት ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ለዚህ የከፍታ ቦታ ማስተካከያ አላቸው። ኩባንያው ከ5,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,500 ሜትር ግድም በላይ ለሚኖር ሰው ይክፈቱት ይላል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ከዚያ በላይ ናቸው። የአዝራሩ ቅደም ተከተል በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከሞዴሉ መመሪያ ላይ ይፈልጉት። ይህን ሳያደርጉ ማሽኑን ጠጋኝ ዘንድ አይውሰዱ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከታች አገር የመጣ የታሸገ ካፕሱል እዚህ ፎይሉ ተነፍቶ ይታያል። ውስጡ የታሸገው አየር ከፍታ ላይ ስለሚለጠጥ ነው፤ መበላሸት አይደለም። የሚጣለው ፎይሉ የተቀደደ ወይም ከንፈሩ የተጣመመ ነው። የተጣመመ ከንፈር ውሃ በጎን ያሳልፋል።

ደረጃ 6፦ ካፕሱሉን በአገር ቡና ይሙሉ

የታሸገ ካፕሱል እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ማሽኑ የሚቆየው በሚሞላ ካፕሱል ነው። ለኦሪጅናል ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ክዳንና የላስቲክ ጎሚኒ ያለው ካፕሱል ይሸጣል፤ በሌላ ሰው ሲያስመጡም «ለኦሪጅናል» ወይም «ለኪዩሪግ» ብለው ይለዩ።

*ቁላት*

ለጀበና ጠቆር አድርገን ነው የምንቆላው፤ ቅባቱ ወደ ላይ እስኪወጣ የተቆላ ቡና ለካፕሱል አይመችም፤ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጣዕሙም ይመራል። ቡናማ ሆኖ ገና ሳያብረቀርቅ ያውጡት። ደግሞ ወዲያው አይጠቀሙበት። ትኩስ ቁላት ጋዝ ይለቃል፤ ጠባብ ካፕሱል ውስጥ ጋዙ ውሃውን ይገፋና አረፋ ብቻ ይሰጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ክዳን ባለው ዕቃ ያሳድሩት።

*መፍጨት*

የሚፈለገው ከገበታ ጨው ደቀቅ ያለ፣ በሁለት ጣት ሲያሹት ግን ቅንጣቱ የሚሰማ ነው። ለጀበና የምንወቅጠው ልም ስለሚበዛበት ካፕሱሉን እንደ ጭቃ ይዘጋዋል። መፍጫ ከሌለዎት በሙቀጫ መሥራት ይቻላል፦

1. ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይውቀጡ፤ በአንዴ ብዙ ከሞሉት ግማሹ ልም፣ ግማሹ ክርክር ይሆናል።
2. በሻይ ማጥለያ ይንፉት። ያልወረደውን ወደ ሙቀጫ ይመልሱ።
3. የወረደውን በድጋሚ በቀጭን የዱቄት ወንፊት ይንፉት። ከላይ የሚቀረው ለካፕሱሉ ነው።
4. ከሥር የወረደውን ልም ለጀበና ያስቀምጡት።

ቢላ ባለው የኤሌክትሪክ መፍጫ ከሆነ አጭር አጭር እየጫኑ፣ በየመሐሉ እየነቀነቁ፣ በድምሩ 15 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ወፍጮ ቤት አይውሰዱት። ልም አድርገው ነው የሚሰጡዎት፤ ከእርስዎ በፊት በርበሬ ተፈጭቶበት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የገባውን ሽታ ለማስወጣት ቀናት ይፈጃል።

*መሙላት (ለኦሪጅናል)*

1. ካፕሱሉ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ቡናው ጎኑ ላይ ይጋገራል።
2. ከ5 እስከ 5.5 ግራም ይጨምሩ። ሚዛን ከሌለዎት እስከ አፉ ሞልተው በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ከአፉ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል።
3. ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉ፣ ቀለል አድርገው ይጫኑ። በጉልበት አይጫኑ።
4. ከንፈሩን በደረቅ ጣት ይጥረጉ። እዚህ ላይ የቀረች ቅንጣት ጎሚኒውን አንስታ ውሃ ታስፈስሳለች።
5. ጎሚኒው በቦታው መሆኑን አይተው ክዳኑን ይግጠሙ።
6. ካፕሱሉን አስገብተው እጀታውን ቀስ ብለው ይዝጉ። ከጠነከረ አያስገድዱ፤ አውጥተው ይዩት። ማሽኑ ውስጥ ያሉት መብሻ ጥርሶች ብረት ላይ ሲጫኑ ይጣመማሉ።
7. የትንሿን ስኒ አዝራር ይጫኑ፤ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ጨው፣ ቅቤ፣ ጤና አዳም፣ ቅርንፉድ ወይም ስኳር ካፕሱሉ ውስጥ አይጨምሩ። ጨው የሚወዱ ስኒው ላይ ይጨምሩ፤ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ብረቱን ይበላዋል።

*ሰዓት ይያዙ*

ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ 40 ሚሊ ሊትሩ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ቢያልቅ ልክ ነው።

- በ10 ሰከንድ ውስጥ ከወረደና ቀጭን ከሆነ፦ ቡናው ሸካራ ነው ወይም አነሰ። መጀመሪያ መጠኑን ይጨምሩ፤ ካልተስተካከለ ያድቅቁት።
- ጠብ ጠብ ካለና ፓምፑ ካቃሰተ፦ 30 ሰከንድ አይጠብቁ፣ ያጥፉት። ልሙ በዝቷል ወይም ከመጠን በላይ ተጭኗል።
- በካፕሱሉ ዳር ውሃ ካመለጠ፦ ከንፈሩ ቆሽሿል ወይም ጎሚኒው አርጅቷል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። መጠኑንም ድቀቱንም አብረው ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አያውቁም።

*ሲጨርሱ*

እጀታውን ወዲያው አይክፈቱ። በተለይ ተዘግቶ ካቆሙት ውስጡ ግፊት አለ፤ የፈላ አተላ ፊትዎ ላይ ይረጫል። አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ብረቱ ስለሚፋጅ በጨርቅ ይያዙ። አተላውን ገልብጠው ይድፉ፣ ወንፊቱን በጥርስ ብሩሽ ይጠቡ፣ ያድርቁት።

አንዱን ካፕሱል ደግመው አያፍሉበት። ጀበና ቶናና በረካ አላት፤ ካፕሱል አቦል ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙር መራራ ውሃ ይሰጣል እንጂ ቡና አይሰጥም።

*ለኪዩሪግ የሚለየው*

ቅንጣቱ ሸከር ይበል፤ ልሙን ግን ያስወግዱ። ከ10 እስከ 12 ግራም ይሙሉ፣ ከምልክቱ አያሳልፉ፣ ጨርሶ አይጫኑት። መርፌው ከተዘጋ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው በተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ ቀዳዳውን ይጎርጉሩ፣ ከዚያ ባዶውን ሁለት ጊዜ ያፍሉ። መርፌው ስለታም ስለሆነ ጣትዎን ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ቡናው እየወረደ መብራት ቢጠፋ

ከሶኬት ይንቀሉ። እጀታውን አይንኩ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ካፕሱሉን ያውጡ። መብራት ሲመለስ በደረጃ 2 እንደተባለው ጠብቀው ይሰኩና መጀመሪያ ባዶውን ያፍሉ። ግማሽ የፈላውን ካፕሱል አይቀጥሉበት፤ ይድፉት።

ደረጃ 8፦ የውሃ ጨዉን ያስለቅቁ

በየ300 ስኒው ወይም በየሦስት ወሩ ያድርጉት፤ ማፍያዎ ቶሎ ነጭ የሚይዝ ከሆነ በየወሩ ተኩል። ቡናው እየቀዘቀዘ፣ ፈሳሹ እየቀጠነ፣ ጩኸቱ እየበረታ ሲሄድ ቀኑ ደርሷል።

1. ኩባንያው ያዘጋጀው ማስለቀቂያ ካለ በእሽጉ ላይ እንደተጻፈው ይጠቀሙ። ከሌለ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ ያሟሙ። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ከዚያ ያጥልሉት።
2. ካፕሱሉን ያውጡ፣ የአተላ መያዣውን ባዶ ያድርጉ።
3. ግማሹን ያሳልፉ፣ አጥፍተው 15 ደቂቃ ይተዉት።
4. ቀሪውን ያሳልፉ።
5. ሁለት ሙሉ ታንክ ንጹሕ ውሃ ያሳልፉ። ውሃው ምላስ ላይ ከኮመጠጠ ሦስተኛ ይጨምሩ።

አቼቶ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ ኔስፕሬሶ ግን ይከለክለዋል፤ ሽታውም ጎሚኒው ላይ ይቀራል። በረኪና በማሽኑ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ከሲትሪክ አሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ጠጋኝ ዘንድ የሚወሰደው መቼ ነው?

ቮልቴጁ ተስተካክሎ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ጨዉ ለቆ ካበቃ በኋላ የሚከተሉት ከታዩ ነው።

- መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው፦ ማሞቂያው ወይም የሙቀት ፊውዙ። ፊውዝ ርካሽ ክፍል ነው፤ ማሞቂያው ሳይለካ «ማሽኑ አለቀ» የሚልዎትን አይቀበሉ።
- ፓምፑ ድምፅ የለውም፦ ብዙ ማሽኖች የሚጠቀሙት ኡልካ የሚባለውን የጣልያን ዓይነት ንዝረት ፓምፕ ነው። ለኤስፕሬሶና ለካፑችኖ ማሽን የሚሠሩ ጠጋኞች ያውቁታል፤ ሲገዙ ቮልቱንና ዋቱን ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ።
- ብሬከሩን ይጥላል፦ ውሃ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ደግመው አይሰኩት።

ከመስጠትዎ በፊት ታንኩን ባዶ ያድርጉ፣ ትራንስፎርመሩን አብረው ይውሰዱ፣ ጠጋኙም ለሞላላ ራስ ብሎን የሚሆን መፍቻ እንዳለው ይጠይቁ። የኔስፕሬሶ ብሎን ራሱ ሞላላ ነው፤ በተራ ካቻቪቴ እፈታለሁ የሚል ሰው የብሎኑን ራስ በልቶ፣ የፕላስቲኩን ጀርባ ሰብሮ ነው የሚመልስልዎት።